ከሞተ በኋላ የፈረመው ወንድሜ

ይሄን ጻፍ ያለችኝ የወንድሜ ልጅ ናት። እሷ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ትጽፋለች፤ ሥራዋ ነው። «አባባን ካንተ በላይ የሚያውቀው የለም፤ አንተ ጻፈው፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» አለችኝ። እኔ እንኳን ስለ ሰው ልጽፍ፣ የራሴን ስም ስጽፍም እጄን ያልበኛል። ቢሆንም እሷን እምቢ ማለት አልችልበትም። የሚያነበው ሰው ካለ ቀስ ብሎ ያንብብልኝ። እኔም ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ወንድሜ ሶፋ አዳሽ ነበር። እኔም አብሬው። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሠርተናል። ወንድም ጋሼ ነው የምለው፤ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። ሱቃችን አንድ ክፍል ናት፤ ግማሹ ስፖንጅ፣ ግማሹ እኛ። ወንድም ጋሼ ጥቃቅኑን ሚስማር አፉ ውስጥ ይይዝና በምላሱ አንድ በአንድ እያወጣ ይመታል። ይሄ እንኳን የሙያው ነው። የሱ ለየት የሚለው ሚስማሩን እንደያዘ ማውራቱ ነው። ደንበኛ «መቼ ያልቃል?» ሲለው በሚስማሩ መሃል ይመልሳል። ደንበኛው ሳይገባው ወደ እኔ ይዞራል፤ እኔ እተረጉማለሁ። ሰፈሩ «አፈ ሚስማር» ይለው ነበር። አልተቀየመም። አንድ ጊዜ አንዱን ሚስማር ውጦታል። ሦስት ቀን ጠበቅን። ከዚያ ሥራ ቀጠልን።

ሶፋ ተሠርቶ ሲያልቅ ቀድሞ የሚቀመጥበት እሱ ነው። ጋዜጣ ይዞ አንድ ገጽ ከላይ እስከ ታች ያነባል። ገጹ ሳያልቅ ከተነሳ ሶፋው ይፈታል። ጋዜጣው ሁልጊዜ ያው አንድ ጋዜጣ ነው፤ ከተጣጠፈ ብዛት መሃሉ ተበስቷል። «አዲስ ግዛ እንጂ» ስለው፣ «አዲስ ከሆነ ወሬው ይወስደኝና መቀመጫዬን እረሳዋለሁ» አለኝ።

ሌላም ልማድ ነበረው። የመቀመጫውን ሆድ በጥቁር ጨርቅ ከመዝጋታችን በፊት፣ ውስጥ እንጨቱ ላይ በእርሳስ ይፈርማል፤ ዓመቱንም ይጽፋል። ከተዘጋ በኋላ ማንም አያየውም።

«ታዲያ ለማን ነው?» አልኩት።

«አንድ ቀን ሌላ ሶፋ አዳሽ ይፈታውና ይሰድበኛል። ማንን እንደሚሰድብ ይወቅ እንጂ» አለ። ቀጥሎ እርሳሱን ሰጠኝ። «አንተም አድርግ።»

«እኔ ምን ፊርማ አለኝ?» አልኩ። ትምህርት ቤት የሄድኩት ሦስት ወር ነው።

«ያለህን አድርግ።»

እጄ ላይ የነበረው ቆልማማው መርፌ ነው። እሱን ከነክሩ ሣልኩት። ከዚያ ወዲህ እኛ በሠራነው ሶፋና ወንበር ሁሉ ሆድ ውስጥ የሱ ፊርማና የኔ መርፌ ጎን ለጎን አሉ።

ከዛሬ ስምንት ዓመት በፊት ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መዶሻ ሲይዝ ይተወዋል፤ ብዕር ሲይዝ ይነሳበታል። ሐኪሙ ለበሽታው ስም ሰጠው፤ ስሙ ግን ምንም አልረዳንም። አንድ ቀን ባንክ ሄዶ የገንዘብ ማውጫውን ወረቀት ፈረመ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ባንኩ ያስቀመጠው ካርድ ላይ ካለው ፊርማ ጋር አስተያየችና «አይመሳሰልም» አለችው። ደግሞ ፈረመ። «አይመሳሰልም።» ሦስተኛ ፈረመ። «አይመሳሰልም። በአሻራ እናድርግልዎት?»

ሱቅ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። «አሻራ! አሻራ እኮ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ነው!» አለኝ። እኔ አውራ ጣቴን ከጠረጴዛው ሥር አደረግኩት። እኔ የትም የምፈርመው በአሻራ ነው። ንዴት ላይ ስለነበረ አላስታወሰውም።

በማግስቱ ጠመኔ ሰጠኝ። ፊርማው የሶፋ ሞላ፣ ያ ጥምዝምዙ ሽቦ ይመስላል፤ ሦስት ዙር ይዞርና መጨረሻው ላይ ጭራ ያወጣል። «ሞላ ታውቃለህ አይደል? ሞላ ሥራልኝ» አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ሞላ ስሠራ ዋልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ከሱ በላይ እሱን ሆንኩ። ከዚያ በኋላ የባንኩን ወረቀት እኔ ሱቅ ውስጥ እፈርማለሁ፤ እሱ መታወቂያውን ይዞ ያስገባል፤ እኔ ከጎኑ እቆማለሁ። እዚያው ድገሙት ካሉን፣ እሱ መነጽሬን ብሎ ኪሱን ይዳብሳል፣ ሰዉ እሱን ሲያይ እኔ እፈርማለሁ። መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነው። እንዲህ እያልን ስምንት ዓመት ሄድን። ሞላውን ከቻልኩ በኋላ ሌላውንም ፊደል ቀስ በቀስ ያሳየኝ እሱ ነው። አሁን የምጽፈው በዚያ ነው።

የወንድሜን ሚስት እትዬ ነው የምላት። ለሷ አልነገርናትም። «አትንገራት፤ የባሰብኝ ይመስላታል» አለኝ። ብሶበት ነበር።

የሶፋዎቹን ሆድ ግን እስከ መጨረሻው ራሱ ፈርሟል። «እዚያ የሚያስተያይ የለም» ይል ነበር።

የሞተው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ሱቅ ሊመጣ ጫማው ሲታሰር። አንዱ ታስሮ ነበር። ልቡ ነው አሉን።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ የወንድሜ ልጅ ከቢሮዋ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። «ባንኩ አባባ መሞቱን ማወቅ አለበት። የሞት ምስክር ወረቀት፣ መታወቂያ፣ የሂሳቡ ደብተር። የወራሽነቱን ወረቀት ፍርድ ቤት በኋላ ይሰጠናል። እኔ ፈቃድ አልሰጡኝም፤ አንተና እማዬ ሂዱ» አለችን።

እሺ አልኩ። ግን ፈራሁ። የፈራሁት ገንዘቡን አይደለም። ካርዱን ያወጣሉ፣ የድሮ ወረቀቶችን ያገላብጣሉ፣ ከዚያ አንዱ ተነስቶ «ይሄ እጅ የሟች አይደለም» ይላል። ያን ጊዜ እትዬ በሰው መሃል ቆማ እኔን ታየኛለች። ስምንት ዓመት ማዕድዋ ላይ እየበላሁ ስሰርቃት የኖርኩ ይመስላታል። ሐሳቤ ሁሉ ይሄ ነበር። ቀድሜ ልነግራት አምስት ጊዜ ጀመርኩ፤ አምስቱንም ጊዜ «ዝናብ ሊመጣ ነው» ብዬ ጨረስኩት።

ደግሞ የሱቁ መሳቢያ ውስጥ አንድ የፈረምኩት ወረቀት ቀርቷል። ሊሞት ሰሞን ያዘጋጀነው ነው፤ ፊርማው አለ፣ የገንዘቡ ልክ አልተጻፈበትም። ብቀደው የሸሸሁ መሰለኝ፤ ብተወው የደበቅሁ መሰለኝ። ደረት ኪሴ ከተትኩት።

ባንኩ በር ላይ ጥበቃው ፈተሸን። ከኪሴ ቆልማማውን መርፌ አወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መርፌ ነው።»

«ለምን ተቆለመመ?»

«ለሶፋ ነው።»

«ውስጥ ሶፋ የለም» አለና ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው።

እውነቱን ነው፣ ወንበሮች ብቻ ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ያለበስናቸው እኛ ነን። ወረፋ ስንጠብቅ አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ስፖንጁ ደህና ነበር።

ተራችን ሲደርስ መስኮቱ ጋ ያለው ባለክራቫት ሰው «ምን ልርዳችሁ?» አለ።

«ባለቤቴ ሞቷል» አለች እትዬ።

«ነፍስ ይማር። ሂሳቡ በማን ስም ነው?»

«በሱ።»

«እንግዲያው ባለሂሳቡ ራሳቸው ቢመጡ ይቀላል።»

እትዬ ትንሽ አሰበችበት። «ቢመጣ እኛም ደስ ይለን ነበር» አለች።

ሰውየው ክራቫቱን ነካካ። «ይቅርታ እናቴ፣ አፌ ለምዶበት ነው።» ቅጽ አወጣ። «መሞታቸውን የሚያሳውቀው ማነው? አንድ የቅርብ ዘመድ ይፈርምበታል።»

«እሱ ነው። ታናሽ ወንድሙ» ብላ በአገጯ ወደኔ ጠቆመች።

ሁሉንም ራሱ ሞላልኝ፤ ይሄ ደግ ሰው ነው። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጦ ብዕሩን እጄ ውስጥ አኖረው። «እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

የአሻራው ቀለም ከመስታወቱ ወዲያ ይታየኛል፤ ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው። «በአሻራ ነው የምፈርመው» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። ከኋላዬ ግን አሥራ አንድ ሰው ተሰልፏል፤ ቆጥሬአቸዋለሁ። ቃሉ አልወጣ አለ፤ እጄ ግን ወጣ። ብዕር ሲይዝ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሦስት ዙር ዞሮ ጭራ አወጣ። እንዳየሁት ደነገጥኩ። ደግሞ አምሮ ነበር።

ባለክራቫቱ ወረቀቱን አየ። ካርዱን አየ። የሞት ምስክር ወረቀቱን አየ።

«ሟች ያረፉት መቼ ነው?»

«ማክሰኞ ሁለት ሳምንት አልፎታል» አለች እትዬ።

«ዛሬ ፈርመዋል» አለ።

«ማን?»

«ሟች። መሞታቸውን ራሳቸው ናቸው ያሳወቁት።»

እትዬ ወደኔ ዞረች። «ምንድን ነው የሚለው ይሄ ሰውዬ?»

ዝናብ ሊመጣ ነው ማለት አልሆነልኝም፤ ቤት ውስጥ ነን።

ወደ ኃላፊዋ ቢሮ አስገቡን። ኃላፊዋ ፀጉሯ ሸብቷል፣ መነጽሯ በገመድ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ወዲያው አወቅኳት። ያኔ መስኮቱ ጋ ሆና ሦስት ጊዜ አይመሳሰልም ያለችው እሷ ናት። ቅጹንና ካርዱን ጎን ለጎን አድርጋ ብዙ አየች።

«ይመሳሰላል» አለች። «ችግሩ ይሄ ነው።»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ደገምኩት። «እኔ ነኝ የምፈርመው። ያኛውንም። ሁሉንም። እጁ እየተንቀጠቀጠ ስላስቸገረው ፈርምልኝ አለኝ።» ከኪሴ ያን የተፈረመ ወረቀት አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ከመቼ ጀምሮ?» ያለችው እትዬ ናት።

«ስምንት ዓመት።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ስታደርግ?»

«ወንድም ጋሼን ስሆን።»

የፈራሁትን አስተያየት አየችኝ። ኃላፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ይሄ ሕግ ክፍል መሄድ አለበት። ሟች ያውቁ ነበር ብለው ነው የሚሉት፤ እሳቸው ደግሞ መመስከር አይችሉም። እጃቸው መፈረም አለመቻሉን የሚያሳይ የሐኪም ወረቀት አለ?»

«የለም» አልኩ። ወረቀቱን ወንድም ጋሼ አንድ ሶፋ እግሩ አጥሮበት ከሥሩ አድርጎታል። የትኛው ሶፋ እንደሆነ አላውቅም።

አንገቴን ደፋሁ። አንገቴን ስደፋ የማየው ወለሉንና የሰዉን ወንበር ነው። የኃላፊዋ ወንበር በስተቀኝ ጠርዙ ላይ ስፌቱ ትንሽ ተጣሟል። ያ ስፌት የኔ ነው። ያን ቀን ክር አጥሮኝ ቀጥዬው ነበር።

«እመቤቴ፣ ይነሱልኝ» አልኩ።

«ምን?»

«ከወንበሩ። ይቅርታ። ልገለብጠው ነው።»

በሕይወቴ ሰው ተነስ ብዬ አላውቅም። ተነሳች፤ ለምን እንደተነሳች እሷም የገባት አልመሰለኝም። ወንበሩን ገለበጥኩት። መርፌዬ ጥበቃው ጋ ስለሆነ የወረቀት ስቴፕለር መንቀያዋን ለመንኳት። አራት ሚስማር ነቀልኩና ጥቁሩን ጨርቅ አጠፍኩት። ባለክራቫቱም ከበሩ ገባ። አራታችንም ወንበሩን ከበን ቆምን፤ ከውጭ ለሚያየን የታመመ ሰው የምንጠይቅ ነበር የምንመስለው።

እንጨቱ ላይ ወንበሮቹን የሠራንበት ዓመት ተጽፏል። ከሥሩ የወንድም ጋሼ ፊርማ አለ። ሞላ ለመሆን ሦስት ጊዜ ተነስቶ ሦስት ጊዜ ወድቋል፤ የተተረተረ ሹራብ ነው የሚመስለው። ጭራውም እንጨቱን አልፎ ስፖንጁ ላይ ወጥቷል።

«ይሄ ነው የሱ» አልኩ። «ወንበር ላይ ራሱ ይፈርም ነበር። ባንክ ብቻ ነው እኔ የምፈርምለት፣ እዚህ ስለምታስተያዩ። እናንተ ያላችሁትን ወንበር ሁሉ ብትገለብጡት እንደዚህ ነው።»

ኃላፊዋ መነጽሯን አድርጋ ተንበረከከች። ካርዱን ከእንጨቱ አጠገብ ያዘች።

«አይመሳሰልም» አለች።

አራተኛው መሆኑ ነው። ቀስ ብላ ተነሳችና ቀሚሷን አራገፈች። «እኔ ነኝ የመለስኳቸው» አለች። «አሻራ ይቻላል ብያቸው ነበር። አላልኳቸውም?»

«ብለውታል። ንባብ ለማይችል ሰው ነው ብሎ ተቆጣ።»

«እና ማንን አስፈረሙ?»

«እኔን። ያኔ ንባብ የማልችለው እኔ ነበርኩ።»

ባለክራቫቱ ሳል ያዘው። ኃላፊዋ አየችውና ሳሉ ለቀቀው።

እትዬ ጎንበስ ብላ የተተረተረውን ፊርማ በጣቷ ነካችው፤ ከመጀመሪያው እስከ ጭራው ሄደችበት። ቀና ስትል እኔን ያየችኝ እንደ ቀድሞዋ ነው፤ ማለት እንደሚያናድድ ዘመድ።

«የሸሚዙን ቁልፍ በየቀኑ የምቆልፍለት እኔ» አለች። «ጫማውን የማስርለት እኔ። ለወንድሜ እንዳትነግሪው፣ ያዝንልኛል ይለኝ ነበር። አንተ ደግሞ ትፈርምለታለህ። እና እሱ ራሱ ምን ይሠራ ነበር?»

«ያዝዘናል» አልኩ።

«እሱስ እውነት ነው» አለች። ወደ ኃላፊዋ ዞረች። «ይጻፉልኝ። ስምንቱንም ዓመት የወጣው ቤቴ ገብቷል፤ ደብተሩን የማስቀምጠው እኔ ነኝ። በዚህ ሰው ላይ ቅሬታ የለኝም። እፈርምበታለሁ፤ እኔ እንኳ በራሴ እጅ ነው የምፈርመው።»

ኃላፊዋ ጻፈች። «ሕግ ክፍል ከጠየቀኝ ይሄ ይበቃዋል» አለች። እትዬ ፈረመች። የተፈረመውን ባዶ ወረቀት ኃላፊዋ በሁለት መስመር ሰርዛ ከመዝገቡ ጋር አያያዘችው። አዲስ የማሳወቂያ ቅጽ አመጡ፤ ባለክራቫቱ ሰማያዊውን ቆርቆሮ አቀረበልኝ። ክዳኑን ከፈተ። አውራ ጣቴን ዘረጋሁ።

«ቆይ» አለች ኃላፊዋ። ወንበሩን ነበር የምታየው። «ከጎኑ ያለው ይሄ ቆልማማ ነገር የማነው?»

«የኔ ነው። መርፌ ነው።»

«ሁሉም ወንበር ላይ አለ?»

«ሁሉም ላይ።»

«ታዲያ እርስዎ ፊርማ አለዎት እኮ» ብላ ክዳኑን ዘጋችው።

ብዕሩን ያዝኩ። እጄ ወደ ሞላው ሊሄድብኝ ነበር፤ አቆምኩት። መርፌውን ሣልኩ፤ ክሩንም ቀጠልኩበት። በሦስት ቅጂ ይሁን አሉኝ። ሦስቱንም ፈረምኩ። ባለክራቫቱ አንዱን ከሌላው አስተያይቶ «ይመሳሰላል» አለና ማኅተም መታበት።

ስንወጣ ጥበቃው መርፌዬን መለሰልኝ። እትዬ ቀድማኝ መንገዱን ተሻገረች። ከዚያ «ዝናብ ሊመጣ ነው» አለችኝ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

የሰው ወንበር ሆዱ ተከፍቶ አያድርም፤ ያን ዕለት ግን መዶሻ አልነበረኝም። በማግስቱ ጠዋት ይዤ ሄድኩ። እትዬም መጣች፤ ነይ ያላት የለም። ጨርቁን ከመዝጋቴ በፊት አንድ ጊዜ ጎንበስ ብላ አየችና «በቃ ዝጋው» አለችኝ። ሚስማሩን አፌ ውስጥ አድርጌ ተንበረከክሁ።

ኃላፊዋ ከጠረጴዛው ወዲያ ቆማ፣ «ሂሳቡ ለጊዜው ታግዷል። የፍርድ ቤቱን ወረቀት ስታመጡ ወደ እሳቸው ይዛወራል። የፈለጋችሁ ጊዜ መጥታችሁ ጠይቁኝ፤ እሺ?» አለችኝ።

መለስኩላት።

«ምን አሉ?» አለች።

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልን ነው የሚለው» አለች እትዬ። «ቀጥሎ ያለው ደግሞ ጥያቄ ነው። ወንበሩ ይመችዎታል ወይ እያለ ነው።»